ጋሽ ሳህሉ የተሳሳቱበት ቀን

ጋሽ ሳህሉ ማረፋቸውን የሰማሁት ጅቡቲ፣ በነፃ የንግድ ቀጠናው በር ላይ ጭነት ለመጫን ተሰልፌ ሳለሁ ነው። ከፊቴ የቆመው ሹፌር ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ወደ እኔ መጣና በመስኮቴ ሥር ቆሞ፣ «ራዲያተር ሠሪው አረፉ አሉ፤ ዛሬ ጠዋት ነው» አለኝ። የትኛው ብዬ አልጠየቅሁትም። ከወደቡ እስከ ጠረፉ ከተማ እስከ ጋላፊ ባለው መንገድ ላይ ራዲያተር የሚሠራ ሰው ሞልቷል፤ «ራዲያተር ሠሪው» ሲባል ግን አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ሞተሬን አጠፋሁና መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ከኋላዬ ያሉት ጥሩንባ እስኪነፉብኝ ድረስ ምንም አልሰማሁም።

ሹፌሮች ስለ እሳቸው ሲያወሩ የሚያነሱት ጆሯቸውንና እጃቸውን ነው። ሞተር ሳይከፍቱ ሕመሙን ይናገሩ ነበር ይላሉ። እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ግን የማልረሳቸው አንድ ጊዜ ስለ ተሳሳቱ ነው። የተሳሳቱትም በእኔ ላይ ነው።

የሥራ ቦታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ፔካ 12 በሚባለው ሰፈር፣ ከባድ መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ ከመነሳታቸው በፊት ከሚቆሙበት ሜዳ ዳር ነበር። በሩ የተነቀለ አሮጌ ኮንቴይነር፣ ከፊቱ በአራት ብረት ላይ የተዘረጋ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር ሁለት አግዳሚ ወንበር። ሌላ ምልክት አልነበረውም። እሳቸው አጭርና ቀጭን ናቸው። እንደ አገሩ ወንዶች ሽርጥ ታጥቀው፣ ከላይ ነጭ ካናቴራ ለብሰው ነበር የሚሠሩት። ያ ካናቴራ ሥራ ሲያልቅም ነጭ ነበር፤ እንዴት እንደሚያደርጉት አንድም ሹፌር አልደረሰበትም። የመነጽራቸው አንዱ እጀታ በመዳብ ሽቦ የታሰረ ነው። ቀኝ ክንዳቸው ደግሞ ከአንጓው እስከ ክርኑ በቃጠሎ ጠባሳ ተሸፍኗል፤ በጉብዝናቸው ጊዜ የጋለ የራዲያተር ክዳን ቸኩለው የከፈቱ ዕለት ያገኙት ነው። ማንም ሹፌር ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን ሊከፍት እጁን ሲሰድ ካዩ አይቆጡም፣ አይጮሁም። ክንዳቸውን ብቻ ዘርግተው ያሳዩታል። ሹፌሩ እጁን ይሰበስባል።

አባታቸው ከድሬዳዋ ከምድር ባቡሩ ጋር መጥተው ጅቡቲ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ በባቡሩ ጋራዥ ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩ ኖረዋል። ጋሽ ሳህሉ ተወልደው ያደጉት ካርትዬ 2 በሚባለው የከተማው ሰፈር ነው። ከመኪና ባለቤቶች ጋር በፈረንሳይኛ፣ አጠገባቸው ብየዳ ከሚሠራው ጎረቤታቸው ከዋርሳሜ ጋር በሱማሌኛ፣ ከበረሃው ከሚመጡት ሰዎች ጋር በአፋርኛ ይነጋገሩ ነበር። ሞተር ሲያናግሩ ግን በአማርኛ ነበር። እጃቸውን ብረቱ ላይ አሳርፈው፣ «እስቲ የት ጋ ነው ያመመህ» ይሉታል፤ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ብለው አያፍሩም።

መኪናው የሞቀበት ሹፌር ሲመጣ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል። ያ የካምሲን ንፋስ ከበረሃው እየነደደ በሚነፍስበት ወቅት፣ በእንፋሎት ተከቦ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ የዘገየበትን ሰዓት እያሰበ ነው የሚደርሰው። ጋሽ ሳህሉ መኪናውን ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። «መጀመሪያ ሹፌሩ ይብረድ» ይላሉ። ወንበሩ ላይ ያስቀምጡታል፤ በሸክላ የቀዘቀዘ ውሃ ይሰጡታል፤ ልጆች እንዳሉት፣ የት አገር ሰው እንደሆነ ይጠይቁታል። ለብዙዎቹ ይህ ነገር መዘግየት ይመስላቸው ነበር። ሞተሩ ግን ከመነካቱ በፊት መብረድ ነበረበት፤ እሳቸው ያንን ጊዜ ለሰውየው ይሰጡት ነበር።

ከዚያ ነው ጥያቄው የሚመጣው። መቼ ነው የሚሞቀው፣ ቆሞ ሳለ ነው ወይስ ዳገት ሲይዝ? ባዶውን ነው ወይስ ሲጫን? ውሃ ይጎድላል? ከጎደለስ መሬት ላይ ሲፈስ አይተሃል? ሹፌሩ ሲመልስ እሳቸው ጣታቸውን ያጥፋሉ። ቆሞ ሞቆ መንገድ ሲጀምር የሚበርድ ከሆነ፣ ንፋስ የሚሰጠው ፋን ነው የደከመው። ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ፣ ራዲያተሩ በውስጡ ተደፍኗል፤ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ እያጠጡት ነው። ውሃው እየጎደለ መሬቱ ደረቅ ከሆነ ግን ፊታቸው ይከብዳል፤ ሞተሩ ራሱ ውሃውን እየጠጣው ነው ማለት ነው። ጥያቄው ሲያልቅ ተነስተው የላይኛውን ቱቦ በአንድ እጃቸው፣ የታችኛውን በሌላው ይዳስሳሉ። አንዱ የሚያቃጥል፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው አልዞረም፤ መሐል ላይ የዘጋው ነገር አለ። ይኼው ነው ምርመራቸው። «ሙቀት በሽታ አይደለም፤ ስሞታ ነው። ስሞታውን ሰምተህ በዳዩን ፈልግ» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ሦስት ጋራዥ ዞሮ ያልዳነለት ሹፌር መጣ። ቴርሞስታቱን ቀይረውለታል፣ የውሃ ፓምፑን ቀይረውለታል፤ መኪናው ግን ይሞቃል። ጋሽ ሳህሉ ጠየቁት፤ መሞቅ የጀመረው ከወር ወዲህ ነው አለ። ከወር በፊት ምን ሆነ ሲሉት ምንም አልሆነም አለ። ዞረው የመኪናውን ፊት አዩት። በራዲያተሩ መተንፈሻ ላይ በቀይ ጨርቅ የተለበጠ፣ የልብ ቅርጽ ያለው፣ የሰው ቁመት ግማሽ የሚያህል ካርቶን ተለጥፏል። ለወንድሙ ሠርግ አጀብ ያደረገው ጌጥ ነው፤ ደስታው እንዳይበርድ ብሎ ሳያወርደው ቀርቷል። ጋሽ ሳህሉ ለረጅም ጊዜ አዩትና በቀስታ፣ «ልጄ፣ ሙሽራውን አውርደው፤ አፍንጫውን ዘግቶበታል» አሉት። እኔ ያን ቀን እዚያ ነበርኩ። ዋርሳሜ የብየዳ መነጽሩን አውልቆ እንባው እስኪወርድ ሲስቅ አስታውሳለሁ። ጋሽ ሳህሉ ግን አልሳቁም፤ ካርቶኑን በጥንቃቄ አውርደው አጥፈው ለባለቤቱ መለሱለት።

ባለቤታቸው እትዬ ፋንታዬ ናቸው። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው ሄሮን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በአንድ የፈረንሳዮች ቤት እዚያው እያደሩ ይሠሩ ነበር። ጋሽ ሳህሉ የቤቱን መኪና ሊያዩ ተጠርተው ሄዱ። መኪናው ይሞቃል። ጌትየው በፈረንሳይኛ ብዙ አስረዷቸው። ልብስ እያሰጡ የነበሩት እትዬ ፋንታዬ ግን ከገመዱ ሳይርቁ በአማርኛ፣ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ እንደ ድመት ይጮኻል፣ ጩኸቱ ከጀመረ ወዲህ ነው የሚሞቀው አሏቸው። ኮፈኑን ሲከፍቱት ፋኑንና ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ይንሸራተታል። ጋሽ ሳህሉ ይህንን ታሪክ ሲጨርሱ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነው፤ ያገባኋት ከጋራዤ ፊት ለፊት ጋራዥ እንዳትከፍት ፈርቼ ነው። እትዬ ፋንታዬም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይሰሙታል።

እንግዲህ የእኔ ነገር።

ያኔ ለአቶ ተካልኝ እነዳ ነበር። አቶ ተካልኝ አዳማ የሚኖር፣ ጥቂት ከባድ መኪናዎች ያሉት፣ ከሹፌርነት ተነስቶ ባለንብረት የሆነ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሞተር የነካበትን ሰው ይቅር የሚል ሰው አይደለም። በሐምሌ ሙቀት ማዳበሪያ ጭኜ ከፔካ 12 ወጣሁ። በአርታ በኩል ያለውን ዳገት ስይዝ የሙቀት ጌጁ ግማሽ ላይ ነበር። ደጋግሜ አየሁት፤ ግማሽ ላይ ነው። ዳገቱ መሐል ላይ ስደርስ ከጋቢናው ሥር እንፋሎት ፈነዳ፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አጉረመረመና ነክሶ ቀጥ አለ። ዝም አለ። አቁሜ እስከ ወረድኩበት ጊዜ ድረስ መርፌው ግማሽ ላይ ነበር።

መኪናውን ጎትተው ወደ ጋሽ ሳህሉ መለሱት። አቶ ተካልኝ ከአዳማ እስኪመጣ ከእሳቸው በቀር ማንም እንዳይነካው አስጠበቀ። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ሲወርድ ተጣሞ ተገኘ፤ ጋስኬቱ ተቃጥሏል። ሁላችንም የምንጠብቀው አንድ ነገር ነበር። ሹፌሩ እያየ ነድቶ ነው ወይስ ጌጁ ዋሽቶት ነው? እኔ ግማሽ ላይ ነበር ብዬ ምዬ ተናግሬያለሁ። ጋሽ ሳህሉ ከሴንሰሩ የሚመጣውን ሽቦ ነቀሉና ከብረት ጋር አነካኩት። ሴንሰር የምለው ውሃው ውስጥ ተቀምጣ ሙቀቱን ወደ ጌጁ የምታስተላልፈውን አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ነው። ሽቦው ብረት ሲነካ መርፌው ተነስቶ እስከ ቀዩ ድረስ ሄደ። ሽቦውን ሲያነሱት ተመለሰ።

ወደ አቶ ተካልኝ ዞረው፣ «ጌጁ ይሠራል» አሉ። «ሹፌሩ አላየውም።»

ይኸው ብቻ ነው። እኔን ሲያዩኝ በቁጣ አልነበረም፤ በሐዘን ነበር፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ልከራከር ሞከርኩ። ጋሽ ሳህሉ የተናገሩትን ነገር ግን ማን ይከራከራል? ዋርሳሜ እንኳ አንገቱን ደፋ። አቶ ተካልኝ ቁልፉን ተቀበለኝና የመመለሻ መኪና ፈልግ አለኝ።

ወሬ በዚያ መንገድ ላይ ከመኪና ይፈጥናል። እኔ አዳማ ሳልደርስ ሚሌ ላይ፣ አዋሽ ላይ ተወርቷል። «ሞተር ያቃጠለው ደሳለኝ» ሆንኩ። ሥራ ልጠይቅ የሄድኩባቸው ባለንብረቶች በትሕትና ያሰናብቱኝ ነበር። ባለቤቴ ሰናይት ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። የሰው ባጃጅ ይዤ አዳማ ውስጥ መሥራት ጀመርኩ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አላወራም። በጣም ያስቸገረኝ አንድ ነገር ግን ነበር፤ ቀስ እያልኩ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ምናልባት አላየሁት ይሆን? ምናልባት ግማሽ መሰለኝ ይሆን? ጋሽ ሳህሉ ካሉ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት እያልኩ ዳገቱን በሐሳቤ ደጋግሜ እወጣ ነበር።

ከዘጠኝ ወር በኋላ የሆነውን የነገረኝ ዋርሳሜ ነው። ከሞተር ያወጡትን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በወረቀት ጠቅልሎ የመኪናውን ታርጋ ጽፎ በጣሳ ውስጥ ማስቀመጥ የጋሽ ሳህሉ ልማድ ነበር። አንድ ቀን ሴንሰሩ የተሰበረበት መኪና መጣ። አዲስ እስኪገኝ ድረስ ብለው ከጣሳው ውስጥ አንዱን አውጥተው ገጠሙለት። ሞተሩን አስነስተው ቆሙ። ራዲያተሩ መንፈቅፈቅ ጀመረ፤ መርፌው ግማሽ ላይ ደርሶ ቆመ። ውሃው ፈላ፤ መርፌው ግማሽ ላይ ነው። ሞተሩን አጠፉና የጠቀለሉበትን ወረቀት ከመሬት አንስተው አነበቡት። የእኔ መኪና ታርጋ ነበር።

ዋርሳሜ እንዳለው፣ ሴንሰሩን ፈትተው በማንቆርቆሪያ በፈላ ውሃ ውስጥ ከተው ሦስት ጊዜ ሞከሩት። ሦስቱንም ጊዜ ግማሽ ላይ ቆመ። በእኔ ላይ ሲፈርዱ ጌጁንና ሽቦውን መርምረው ነበር፤ ሴንሰሩን ራሱን ግን አልመረመሩትም። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። መኪናዎች መጡ፤ አልተነሱም። የቀትሩ ጫት መጥቶ ሰው ሊቅም ተበትኖ ገበያው ጭር ካለ በኋላም እንደ ተቀመጡ ነበሩ። በመጨረሻ ዋርሳሜን ጠርተው ኮንቴይነሩን እንዲጠብቅላቸው ለመኑት፤ ኢትዮጵያ እሄዳለሁ አሉት። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቷል። ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ረዥም ሰዓት ሲቀመጡ እግራቸው ያብጣል። በስልክ ይንገሩት ቢላቸው፣ ፊት ለፊት ነው የፈረድኩበት ብለው መለሱለት።

ባጃጅ ተራው ላይ ቆሜ ሳለሁ ከአንድ ከባድ መኪና ጋቢና ሰው ደግፎ ሲያወርዳቸው አየሁ። መጀመሪያ አላወቅኋቸውም፤ ሱሪ ለብሰው አይቻቸው አላውቅም። ሁለት ቀን በጋቢና ተቀምጠው ነው የመጡት። ጫማቸውን ማሰር አቅቷቸው ማሠሪያው ይጎተታል። ሰላም አላልኳቸውም። እውነቱን ለመናገር ፊቴን ላዞር ነበር።

«ደሳለኝ» አሉኝ፣ «ልክ ነበርክ።»

«አሁን ነው የሚሉኝ?»

«አሁን ነው ያወቅሁት» አሉና ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ፈቱት። ሴንሰሯ ናት።

እዚያው ቆመው የሆነውን ሁሉ ነገሩኝ፤ ራሳቸውን አላስተባበሉም፤ የሙቀቱን፣ የድካሙን፣ የሥራ ብዛቱን ነገር አላነሱም። ስሰማቸው የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ንዴት ነበር፤ ከንዴቱ ሥር ደግሞ አንድ ትልቅ ሸክም ከደረቴ ሲወርድ ይሰማኛል። ዳገቱ ላይ ያየሁትን በትክክል አይቻለሁ ማለት ነው። አላበድኩም። ዘወር ብዬ አለቀስኩ። እሳቸውም እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ቤት ወስደኸኝ ለባለቤትህም ልንገራት፣ እሷም የሰማችው እኔ የተናገርኩትን ነው አሉኝ። ወሰድኳቸው። ሰናይት አራስ ነበረች። እግራቸውን ስታይ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረበችላቸው። እግራቸውን ውሃው ውስጥ እንዳደረጉ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያኔ ለምን ያን ያህል እርግጠኛ ሆኑ አለቻቸው።

ጋሽ ሳህሉ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሁሉም ሰው እኔን ስለሚጠይቅ ነው፣ ልጄ» አሉ። «መልስ መስጠት ለመድኩ። አላውቅም ማለት ረሳሁ።»

በማግስቱ አቶ ተካልኝ ግቢ ሄድን። እሱ ነገሩ አለፈ፣ ሞተሩም ታደሰ፣ ለምን ይህን ያህል ደከሙ እያለ በአክብሮት ወደ ሳሎን ሊያስገባቸው ፈለገ። አልገቡም። ሹፌሮቹ ባሉበት ይሁን አሉ። ግቢው ውስጥ አምስት ስድስት ሹፌሮች ነበሩ። ያንኑ የእኔን መኪና አስቀርበው፣ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ በከሰል ምድጃ ላይ አስፈሉ፤ ሴንሰሩን ከጌጁ ሽቦ ጋር አገናኝተው ከፈላው ውሃ ውስጥ ከተቱት። ሁሉም በጋቢናው በር ተሻምተው መርፌውን አዩት። ግማሽ ላይ ደረሰና ቆመ። ከዚያ አዲስ ሴንሰር ከተው አሳዩአቸው፤ ወደ ቀዩ ወጣ። ጋሽ ሳህሉ ቀና ብለው፣ የፈረድኩት ግማሹን መርምሬ ነው፣ ይህ ሰው ጥፋት የለበትም አሉ። አቶ ተካልኝ ጎንበስ ብሎ መርፌውን ደግሞ አየው። በኋላ ወደ ቤት ገብቶ ቁልፉን አምጥቶ በእጄ ላይ አስቀመጠው። እሱም ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም፤ እጄን ግን ቶሎ አልለቀቀም።

እኔ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ሳህሉ ግን ሲመለሱ አዋሽ ላይ ወርደው ሹፌሮች ከሚበሉበት ቤት ገብተው ተናገሩ። ሚሌ ላይም ወረዱ። ሰመራ ላይ፣ ጋላፊ ላይም እንዲሁ። እኔ አልነበርኩም፤ የነበሩት ናቸው የነገሩኝ። ሰው ምሳውን እየበላ ሳለ አንድ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሽማግሌ መሐል ላይ ቆመው፣ ስለ ደሳለኝ የሰማችሁት ነገር ከእኔ የወጣ ነው፣ እሱም ስሕተት ነው ይሉ ነበር። ይዟቸው የሚመለሰው ሹፌር ደክመዋል ይበቃል ቢላቸው፣ «ስሙ የተበላሸው አንድ ቦታ ቢሆን አንድ ቦታ አስተካክለው ነበር» አሉት።

መኪናውን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፔካ 12 ስመለስ የተቀበሉኝ ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ በዚያው ነጭ ካናቴራ ነበር። ጭኜ ልወጣ ስል ወደ ጋቢናው መጥተው እስከ ዳገቱ አብሬህ ልውጣ አሉኝ። ዳገቱን ስይዝ ፈርቼ ነበር። እኔ መንገዱን አያለሁ፤ እሳቸው ጌጁን ያያሉ። ጫፍ ላይ ስንደርስ አቁም አሉኝ። ወርደው ሞተሩን አዳመጡ፤ እጃቸውን ከፍ አድርገው አሰናበቱኝ፤ ቁልቁል በሚመጣ መኪና ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ዳገቱን ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያም በኋላ ባለንብረቶች እየመጡ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቋቸው መልሳቸው ተለወጠ። ማሽኑ ምን እንደሆነ እነግርሃለሁ፣ ሰውየው ምን እንዳደረገ ግን እሱን ጠይቀው ይሉ ነበር። አንዳንዱ ይናደድባቸዋል። ያልመረመሩት ነገር ካለ ደግሞ እሱን አስቀድመው ይናገራሉ፤ ይህን አይቻለሁ፣ ይህን ገና አላየሁም እያሉ። እኔ በመጣሁ ቁጥር የዘይቱን ፍሬ አመጣላቸው ነበር፤ ከኢትዮጵያ ፍሬ ሁሉ የሚወዱት እሱን ነበር። በበረሃው ሙቀት ግማሹ በስብሶ ይደርሳል። የበሰበሰውን ለይተው፣ ይህም መንገዱን ሞክሯል ብለው ወደ ጎን ያስቀምጡታል።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ከቤት አይወጡም ነበር። ትንፋሹ ባሰባቸው። ኮንቴይነሩን ዋርሳሜ ያዘው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ካርትዬ 2 ቤታቸው፣ ከአየር ማራገቢያው ሥር ተጋድመው ነው። ልጄ ትምህርት ቤት ገብታለች አልኳቸው፤ ያቺ እግራቸውን ሲታጠቡ አራስ ቤት የነበረችው መሆኗን አስታወሱና ስሟን ጠየቁኝ። ስለ ሞተር አላወራንም።

ያን ቀን ነፃ ቀጠናው በር ላይ ተራዬን ለኋለኛው ሰጥቼ ከሰልፉ ወጣሁ። ቀብሩ በማግስቱ ጠዋት ነበር። ሹፌሮች በየመኪናቸው መጥተው መንገዱ ሞልቶ ነበር። ዋርሳሜ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቆሞ ጠበቀን፤ ወደ መቃብሩ ስንሄድ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ። ሄሮን ከሚሠሩት ሴቶች ብዙዎቹ ፈቃድ ለምነው መጥተዋል፤ እትዬ ፋንታዬ ያልደረሱላቸው የሉም።

ከቀብር በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ተራ በተራ ይናገር ጀመር። አንዱ ሦስት ጋራዥ ያቃተውን በእጃቸው ዳስሰው እንዳወቁ ተናገረ። ሌላው ተሳስተው አያውቁም አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ አለ። እትዬ ፋንታዬ በዓይናቸው ጠሩኝና አጠገባቸው ስቀመጥ፣ የአዳማውን ንገራቸው አሉኝ። ፈራሁ። በሰው ለቅሶ ላይ የሟቹን ስሕተት እንዴት አነሳለሁ ብዬ በጆሯቸው አንሾካሾክሁ።

«ያልተሳሳተ ሰው አድርገው ሊቀብሩብኝ ነው» አሉኝ። «እኔ እንዲያ ያለ ሰው አላገባሁም። በዚያ ባበጠ እግሩ ሄዶ የተመለሰው ነው የኔ ባል።»

ተነሳሁ። ከዳገቱ ጀመርኩ፤ መርፌው ግማሽ ላይ እንደነበረ፣ እሳቸው ምን እንዳሉ፣ እኔ ምን እንደሆንኩ፣ ከዚያም ባጃጅ ተራው ላይ ምን እንዳሉኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዋርሳሜ ከኋላ ለተቀመጡት ጎረቤቶች በሱማሌኛ ይተረጉምልኛል፤ እኔ ቆም ስል እሱ ይጨርሳል። አዋሽን፣ ሚሌን፣ ሰመራን፣ ጋላፊን አንድ በአንድ ጠራሁ።

እትዬ ፋንታዬ ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ ገለጥ አደረጉ።

«እሱ ነው» አሉ።